ጎረምሳውን የያዘ እጅ

ሰኞ፣ ከራት በኋላ

ዛሬ ተመረጥኩ። የሠራተኞች ተወካይ ሆኛለሁ። አመራረጤ ለልጅ ልጅ የሚተረክ አይደለም፤ ድምፅ ሲሰጥ እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ። ስመለስ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። «ይኸው፣ ለራሱ የሚያጨበጭብ ተወካይ አገኘን!» አለች ሬዲዮ። ሬዲዮ በቡድናችን አካፋ የምትይዝ ሴት ናት። አንዴ ከተከፈተች ማጥፊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ቡድናችን የመንግሥት ነው። የፈነዳ የውሃ ቧንቧ እንፈልጋለን፣ መንገድ እንቆፍራለን፣ አዲስ ቧንቧ እንቀብራለን፣ እንደፍናለን። ደፍነን ላባችን ሳይደርቅ የስልክ ሰዎች መጥተው ያንኑ ይቆፍሩታል። እኔ አካፋ አልይዝም። እኔ የምይዘው ጎረምሳውን ነው። ጎረምሳው የምንለው አስፋልትና ድንጋይ የሚሰብረውን ማሽን ነው፤ ከተነሳ የሚያጓራ፣ ማንንም የማይሰማ። በኛ ቡድን ጎረምሳውን የያዘ፣ እሱ ነው አባወራ። እረፍት የሚጠራው እሱ ነው። ሻይ መጀመሪያ የሚቀዳው ለሱ ነው። ቁፋሮው ከየት እንደሚጀመር በጫማው ጫፍ መሬቱን የሚያሰምረው እሱ ነው። እኔ ትልቋ ልጄ የተወለደች ሰሞን ያዝኩት፤ እስከዛሬ ለማንም አላስረከብኩም። አጠገቤ ቆሞ የሚረዳኝ ዝሜ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብለን አወጣንለት፤ ሲረዝምብን አሳጠርነው።

የተረከብኩት ሥልጣን አንድ መመሪያ ነው፤ ስለ መንግሥት የጉልበት ሠራተኞች የሥራ ደንብና ጥቅማ ጥቅም። የፊቶቹ ገጾች የሉም። ከኔ በፊት የነበረው ተወካይ ምን እንደጠቀለለባቸው እሱ ይወቅ።

ማታ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ። ዘንድሮ የሚሸጡት ብርጭቆዎች ያንሸራትታሉ።

ማክሰኞ

መመሪያውን አነበብኩት። ለካ ሀብታሞች ነን! ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የቆዳ ጓንት። የዝናብ ካፖርት። አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ። ሳሙና! በየጊዜው ሐኪም ሊያየን ይገባል። ይህን ሁሉ ዘመን ልዑል ሆነን ሳናውቀው እንደ ለማኝ ኖረናል።

አንድ አንቀጽ ብቻ አልጣመኝም። በሥራው የተነሳ ጤናው የተጓደለ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፣ መሥሪያ ቤቱም ያሳክመዋል ይላል። ይሄ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን ጉድለቱ ከሥራው ያልመጣ ከሆነ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ተብሎ ይሰናበታል ይላል። ከሥራው ይምጣ አይምጣ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አለቃችን ኢንጂነሩ ነው። ኢንጂነሩ ደግሞ ራስ ምታት እንኳ ከስንፍና ይመጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ያን ገጽ አልፌ ወደ ሳሙናው ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ ወይዘሮ ቁልፌ ዘንድ ሄድኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ቁልፎቿን በወገቧ ስለምታስር ከማየትህ በፊት ትሰማታለህ።

«ወይዘሮ፣ ጓንት ይገባናል» አልኳት።

«ማን የለም አለህ? አለ።»

«እንግዲያው ይስጡና።»

«ብሰጣችሁ ታቆሽሹታላችሁ።»

«ቁፋሮ ነውኮ ሥራችን!»

«እሱን አይደል የምልህ! ጓንት የሚለበሰው ጎብኚ ሲመጣ ነው። ባለፈው አልብሼያችሁ አልነበር? ፎቶ አልተነሳችሁም? ጎብኚው መኪናው ውስጥ ሲገባ ከየእጃችሁ አውልቄ፣ አራግፌ፣ መልሼ ቆለፍኩት። ከኔ በፊት የነበረውን ሰውዬ ጠይቅ፣ ስንት ጓንት እንደጠፋበት። በኔ ዘመን አንድ ጓንት አልጠፋም፤ አንድም አልተቀደደም!»

እውነቷን ነው። የለበሰው ስለሌለ አልተቀደደም። ካፖርቱንና ጫማውንም ጠየቅኳት፤ እነሱም እንዳሉ፣ ደህና እንደሆኑ፣ ብል እንዳይበላቸው መድኃኒት እንደምታደርግላቸው ነገረችኝ። ስለ ልጆቿ የምታወራ ነው የሚመስለው። ልቤ ሊራራላት ሲል ጠንከር አልኩ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ። አንድ ዘዴ አስቤያለሁ።

ቅዳሜ

ዝናቡ ገባ። ብርድ። ጠዋት ጣቶቼ ነጭ ሆነው ተነሳሁ፣ ኖራ የነካሁ ይመስል። እሳት ዳር ስቀመጥ ተመለሱ።

ባለቤቴ አየችኝ። «እጅህን ምን ሆነሃል?» «ምንም።» «እሺ፣ ምንምህን ይዘህ ሐኪም ቤት ሂድ።»

ይህች ሴት ተወካይ ብትሆን ኖሮ ወይዘሮ ቁልፌ ወገቧን ፈትታ ነበር የምታስረክባት።

ሰኞ፣ ማታ

ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ከሠርጌ ወዲህ አልሳቅኩም።

ጠዋት ዋናው ሥራ አስኪያጅ ደጃፍ ላይ ቧንቧ ፈነዳ ተብለን ተጠራን። ዝናቡ ይወርዳል፣ ውሃው ከታች ይወጣል፣ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ባልዲ ይዛ በረንዳዋ ላይ ቆማ ለሁለቱም ትራገማለች። እኔ ቡድኔን ሰብስቤ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ታዛ ሥር አሰለፍኩ። «አካፋችሁን በቀኝ ያዙ፣ ፊታችሁን እንደ ጨዋ ልጅ አድርጉ፣ ማንም እንዳይስቅ» አልኳቸው። ወዲያው ኢንጂነሩ በመኪና መጣ። ወጣት ነው፤ በየጠዋቱ ይሮጣል፣ ደረቱ ከሱ ቀድሞ ከመኪናው ይወርዳል።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ?»

«ደንብ እያከበርን ነው ጌታዬ።»

«አድማ ነው በለኛ!»

«ኧረ አፌን ቁርጥ ያድርገው! አድማማ ክልክል ነው።» መመሪያውን ከብብቴ አወጣሁ። «ካፖርት ያልተሰጠው ሠራተኛ ዝናብ ላይ እንዲሠራ አይገደድም ይላል። እኛ ደግሞ እንሥራ ብንል ደንብ መጣሳችን ነው። ደንብ ጣሱ ተብለን ብንጠየቅ ማን ያድነናል?»

ዝናቡ በራሱ ላይ ይወርዳል። ቆሞ ያየኛል። አሳዘነኝ።

«እርስዎም ካፖርት አልለበሱም» አልኩት። «ደንቡ እርስዎንም አያስገድድም። ይግቡ፣ ይጠለሉ።»

ሁላችንም አንድ አንድ እርምጃ ተጠጋግተን ቦታ ለቀቅንለት። ምን ያድርግ? ገባ። በዝሜና በሬዲዮ መሃል ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ኢንጂነሩ ታዛ ሥር ከጉልበት ሠራተኛ ጋር ተሰልፎ ስታይ ባልዲውን ጣለችው። ሬዲዮ ሳቋን ለመያዝ ስትል ስቅታ ያዛት፤ ኢንጂነሩም የሰው ልጅ ነውና «ውሃ ጠጪ» አላት። «የትኛውን?» አለችው፣ የሚወርደውንና የሚፈሰውን እያሳየች።

ከሰዓት በኋላ ካፖርቱና ጫማው በመኪና መጣ። የጎብኚውን ጓንት ወይዘሮ ቁልፌ አልሰጥም ስላለች፣ ለኛ አዲስ ከዋናው ግምጃ ቤት ይመጣል ተባለ። ወይዘሮ ቁልፌ ጫማዎቹን ስታድል እያንዳንዱን አንዴ እየዳበሰች ነበር የምትሰጠው።

ረቡዕ፣ ማታ

ጓንቱ መጣ። ተራ በተራ ታደለን፣ ሁለት ሁለት። እኔ ቶሎ አጠለቅኩና ጎረምሳውን ላነሳ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ጩኸት ሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሁለቱም የግራ ነው!»

«የኔም የግራ!»

ካርቶኑ ተገለበጠ፤ ሁሉም የግራ። ሬዲዮ ዞር ብላ እኔን ስታይ ጮኸች። «ኧረ ጋሼን እዩልኝ! ለብሶታል!» ቀኝ እጄን አየሁት። የጓንቱ አውራ ጣት በትንሿ ጣቴ በኩል ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ የኔ አውራ ጣት ደግሞ የማይገባበት ገብቶ ተጣብቋል። ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሆን ብዬ ነዋ፤ እጄን እንደ ባንዲራ እያወዛወዝኩ «ለተወካይ ሁሉም ይመቻል!» አልኳቸው። ወደው አይስቁ አሉ፤ እኔ ግን ወድጄ ነው ያሳቅኳቸው። ድሮም ቀልድ አውቃለሁ።

ዝሜ አልሳቀም። እሱ ድሮም ቀልድ አይገባውም።

ወይዘሮ ቁልፌ ዋናው ግምጃ ቤት ስልክ ደወለች። ለኛና ወንዝ ማዶ ላለው ቅርንጫፍ እኩል እንዳካፈሉ ነገሯት። እኩል ነው፤ ለኛ የግራውን ካርቶን፣ ለነሱ የቀኙን። የወንዝ ማዶዎቹ ግን እስካሁን አላወቁም፤ የነሱ ዕቃ ቤት ኃላፊ ካርቶኑን ሳይከፍት ቆልፎበታል።

ዓርብ

ድልድዩ ላይ ተለዋወጥን። የነሱ ተወካይ በቀኝ በኩል፣ እኔ በግራ። መጀመሪያ እናንተ ስጡ፣ የለም እናንተ። የሰላም ስምምነት እንኳ እንዲህ አይጨቃጨቁበትም። በመጨረሻ ዝሜ ሁለቱንም ካርቶን ከእጃችን ነጥቆ መሬት ላይ ዘረገፋቸው።

ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ለኔ ብቻ ቆርቆሮ ኩባያ ገዝታልኛለች፣ ትልቅ፣ ጆሮ ያለው። ሌሎቹ በብርጭቆ፣ እኔ በኩባያ። ሥልጣን ማለት ይኸው ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምትሞላው፤ ለተወካይ ስስት ምን ይባላል?

ማክሰኞ

ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይነጣሉ፣ ከዚያ ይቆጠቁጣሉ። የአዲሱ ሳሙና ነው። ታግዬ ያመጣሁት ሳሙና ይብላኝ።

ጽሑፌም ተንጋዷል። ወንበሩ አጭር ስለሆነ ነው።

ሬዲዮ ለሻይ አፍዪዋ ስታወራ ሰማሁ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» ትላለች። ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ጎረቤቷን ይሆናል፤ ከጎረቤቷ ጋር አይዋደዱም። እኔን ሲያዩ ዝም ማለታቸው ግን ምንድን ነው? ተወካይ ወሬ ይወስዳል ብለው ነው እንጂ።

ሐሙስ፣ ማታ

ነርሷን አስመጣኋት! ኢንጂነሩ «ደህና ሰዎች ምን ይመረመራሉ?» ሲለኝ አንቀጹን ላነብለት እጄን ወደ ብብቴ ስሰድ፣ «ይበቃል፣ ይበቃል፣ ትምጣ» አለ።

ግቢው ውስጥ በአሮጌው ቢሮ ተቀመጠች። ወንዶቹ ፈሩ። ድንጋይ የሚፈነቅል ሁሉ መርፌ ይፈራል። አንድ በአንድ እየገፋሁ አስገባኋቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ግባ አንተ! መብትህ ነው!» ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ደረትና ዓይን አየች፤ ከዚያ እጅ ላይ ደረሰች። ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን የነካሁት የትኛው ጣትህ ነው? ይሄኛውስ? የሕፃን ጨዋታ ነው። ሁሉም እየሳቀ ይመልሳል።

እኔ መጨረሻ ነኝ አልኳት። ተወካይ ሕዝቡን አስቀድሞ ነው። ሁሉም ሲያልቅ «እርስዎስ?» አለችኝ።

«እኔ ብረት ነኝ» አልኳት። «የቧንቧው ሥራ ይጠብቀኛል፤ ጤነኛ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት አይደለም፤ እውነት ሥራ ነበረብኝ። ስወጣ ዝሜ በሩ ላይ ቆሟል። ተያየን። ምን ፈልጎ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እስቲ በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልበለው። ጎረምሳውን ቢወስዱብኝ ምን እሆናለሁ? ዘበኛ አድርገው በር ላይ ቢያስቀምጡኝ እሱም ሥራ ነው፣ እቀመጣለሁ። ግን «የዕድሜ ነው፣ ብቁ አይደለህም» ቢሉኝስ? ልጄ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ልጇን የምናሳድገው እኔና ባለቤቴ ነን። የምፈራው ይሄን ነው። ጻፍኩት፤ አሁን ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ

ጎረምሳው አመለጠኝ።

ዝሜ እግር ላይ ወደቀ። የጫማው አፍንጫ ብረት ነው፤ እግሩን እሱ አወጣለት። ብረቱ ጎድጉዷል፣ ጣቶቹ ደህና ናቸው። ሰው ሁሉ ሮጦ መጣ። ማንም ምንም ሳይጠይቅ ዝሜ «ዝናቡ ነው፣ አንሸራትቶት ነው» አለ። ሁሉም «ዝናቡ ነው» አለ። እኔም አልኩ።

ማታ ተቀምጬ አሰብኩት። ዛሬ ዝናብ አልነበረም።

ማክሰኞ

ዝሜ እያነከሰ መጣ። ጫማው ጠቦኝ ነው ይላል። ጎረምሳውን ሳነሳ በጎን በኩል ያለውን እጀታ ያዘ። ልቀቅ አልኩት። አልለቀቀም። ሙሉ ቀን አልተነጋገርንም፤ ከሱ ጋር አለመነጋገር ከባድ አይደለም።

ሐሙስ፣ ማታ

የልጅ ልጄ ታመመች። ሚጢጢ እንላታለን። ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ተኛች፤ ባለቤቴ ጓዳ ነበረች። «እስቲ ዳብሳት፣ ትሞቃለች እንዴ?» ብላ ተጣራች።

ግንባሯን ያዝኩት። አንገቷን ያዝኩት። «ደህና ናት፣ አትሞቅም። ደክሟት ነው» አልኩ። ጋቢዋን አለበስኳት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጄንም ግንባሯ ላይ እንደጫንኩ ቀረሁ። ደስ የሚል ነገር ነው ልጅ ተኝቶ እጅህ ግንባሩ ላይ ሲሆን።

ባለቤቴ ሥራዋን ጨርሳ መጣች። በእጇ ጀርባ አንዴ ነካቻት። «ይህች ልጅኮ እየነደደች ነው!» ብላ ጮኸች። አቅፋት ወደ ክሊኒክ ሮጠች፤ እኔ ነጠላ ጫማዬን ስፈልግ ቀረሁ። መድኃኒት ሰጥተዋታል፣ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ተኝታለች፤ ዶክተሩ ቶሎ መምጣታችሁ ጥሩ ነው ብሏል።

ቶሎ! እጄ እላይዋ ላይ ነበር እኮ። እጄ እላይዋ ላይ ሆኖ ነው የነደደችው።

ባለቤቴ አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳሙናው አይደለም። ወንበሩም አይደለም። ነገ ለኢንጂነሩ እነግረዋለሁ።

ዓርብ

ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ እጆቼን ዘረጋሁለት። አያቸው፤ እጅ ናቸው፣ ምን ይታይባቸዋል?

«አይሰማኝም» አልኩት። «ሲበርድ ይነጣሉ። ዕቃ ያመልጠኛል። ከማሽኑ መንቀጥቀጥ ነው።»

«ነርሷ ባለፈው ጤነኛ ብላሃለች።»

«እኔ ነኝ ጻፊ ያልኳት።»

«እንግዲህ የትኛውን አንተን ልመን?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። «አባቴም እጁ ይደነዝዘዋል፤ አባቴ አስተማሪ ነበር። ዕድሜ ነው። ኮሚቴው ሰኞ ያየዋል፤ ምስክር ካለህ አምጣ።»

ምስክር! ዓመቱን ሙሉ ሰው እንዳያውቅብኝ የደበቅኩትን ማን አየ ብዬ ላምጣ? ራሴ ባጠርኩት አጥር ውስጥ ቀረሁ። ለዝሜ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጓደኛ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ማታ

እጄን አመመኝ ሳልል ጠንክሬ ልጻፈው፤ ያለዚያ ነገ ሬዲዮ አሳምራ ታበላሸዋለች።

ኮሚቴው አሮጌው ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ኢንጂነሩ መሃል፣ ነርሷ በአንድ በኩል፣ ቃል የምትጽፈው የሰው ኃይል ኃላፊ በሌላው። «ምስክር አለህ?» ሲሉኝ የለኝም ልል አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ። ዝሜ ነው። ከኋላው ሬዲዮ፣ ሻይ አፍዪዋ፣ ወይዘሮ ቁልፌ፣ ከሁሉም ኋላ ባለቤቴ።

ሬዲዮ ጀመረች። «ጋሼ መቆፈሪያውን ብረት ማሽኑ ላይ ይገጥማል፤ አጠበቅኩ ብሎ ይዞራል። ሲዞር ዝሜ ያጠብቀዋል። ይኸው ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ። ጓንት የታደለ ቀን የግራውን በቀኝ አጥልቆ ሊሠራ ነበር፤ ቀለድኩ አለን። እንደሳቅንለት ሳቅን፤ ምን እናድርግ?»

ሻይ አፍዪዋ ቀጠለች። «ብርጭቆዎቼን ፈጃቸው። ቆርቆሮ ኩባያ የገዛሁት ለዚያ ነው። ግማሽ የምሞላውም እንዳያቃጥለው፤ ቢያቃጥለውም አያውቅም።»

እኔ ደግሞ ለሥልጣኔ ነው ብዬ!

ወይዘሮ ቁልፌ ተነሳች። «ጫማውን ሲረከብ ፈርም አልኩት። ብዕሩ ከእጁ ወድቋል፤ እሱ ግን ወደ መስኮቱ እያየ መፈረሙን ቀጠለ። ባዶ እጁን! አንስቼ ጣቶቹ መሃል መልሼ ሰካሁለት። የሰው ሆድ አይደል፣ ለማንም አልተናገርኩም።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። እኔን ለማዳን መጥተው አንድ በአንድ ያዋርዱኛል። ተነስቼ «ውሸት ነው!» ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ተራዋ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «የልጅ ልጁን ትኩሳት እጁ አላወቀውም። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ትኩሳቷን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ከኔ ቀድሞ።»

ከዚያ ዝሜ። ሲናገር የሰማው ሰው ጥቂት ስለሆነ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። «ጎኑን እየያዝኩለት ነው የከረምነው» አለ። «ጎረምሳው እግሬ ላይ የወደቀ ቀን ዝናቡ ነው ብዬ ነበር። ዋሽቼ ነው። ዝናብ አልነበረም።» ወደኔ ዞረ። «አንተ ልትለው አልቻልክም፤ እኔም አላስቻለኝም።»

ለካ የደበቅኩት ከራሴ ብቻ ነው። ተናደድኩም፣ አፈርኩም፣ ደግሞም ዓይኔ ሞላ። መስኮቱን እያየሁ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ኢንጂነሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «መታመሙን አመንኩ» አለ። «ከማሽኑ ለመሆኑ ግን ምን ማስረጃ አለ? የዕድሜ ቢሆንስ? ብረት መያዝ ሰው ጣት ያደነዝዛል እንዴ?»

ነርሷ ልትናገር ስትል ዝሜ ቀደማት። «ይያዙት» አለ።

«ምን?»

«ጎረምሳውን። እስቲ ይያዙት።»

ሬዲዮ ጉልበቷን መታች። «ሻይ እስኪፈላ ብቻ! አሁን እጥዳለሁ!» አለች ሻይ አፍዪዋ። ኢንጂነሩ ሳቀ። በየጠዋቱ የሚሮጥ ሰው ነው፤ በሴቶች ፊት እምቢ ይበል? ካፖርቱን አውልቆ ለነርሷ ሰጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ያለውን አሮጌ ሲሚንቶ ወለል በጫማዬ ጫፍ አሰመርኩለት። ጓንት ላምጣ አለች ወይዘሮ ቁልፌ፤ ዝሜ «እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ጓንት ነው የያዝነው» አላት።

ጎረምሳው አጓራ። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ቀጥሎ ጥርሱን ነከሰ። ጉንጩ፣ ሆዱ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ነርሷ ይበቃል ብላ በእጇ አሳየችው፤ አልሰማትም፣ ወይም እልህ ይዞታል። ሻዩ ሳይፈላ ዝሜ ሄዶ አጠፋለት።

ካፊያ ጀምሯል። ኢንጂነሩ እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ያያቸዋል፣ የሌላ ሰው እጅ እንደተሰጠው።

«ገና ይንቀጠቀጣል» አለ።

«ይሄ ያልፋል» አልኩት። «ማታ ደህና ይሆናሉ።»

«እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የያዙት?»

«ትልቋ ልጄ ስትወለድ። አሁን ልጅ አላት።»

ካፖርቱን ለበሰ። ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ጀርባውን እንደሰጠ «ከሥራው የመጣ ነው ብለሽ ጻፊ» አላት። «ይታከማሉ። ደመወዛቸው አይነካም። ማሽኑንም ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን አይዘውም፤ በተራ ይሆናል።» ሬዲዮ እልል አለች። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ፤ መያዟን ያወቅኩት ጎንበስ ብዬ ሳይ ነው።

ኢንጂነሩ ግን አልሄደም። ከካፖርቱ ቁልፍ ጋር ይታገላል። ቁልፉን ይይዛል፣ ያመልጠዋል፣ ይይዛል፣ ያመልጠዋል። ካፊያው እየጠነከረ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፣ የኔም ካፖርት ወለል ብሎ እንደተከፈተ። ማየቴን ሲያይ አፈረና ሊያስቀይስ ፈለገ።

«እርስዎስ ለምን አይቆልፉም?» አለኝ። «ይበርዳልኮ።»

ብሎ ሳይጨርስ ገባው። ፊቱ ተለወጠ። ልረዳው ወደድኩ፤ በምን እጄ? ሁለታችንም ደረታችንን ለዝናብ ሰጥተን ቆመን ቀረን።

ዝሜ መጣ። አልተናገረም፤ የዓመቱን ተናግሮ ጨርሷል። መጀመሪያ የኢንጂነሩን ቆለፈለት፣ ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ። ከዚያ የኔን።